ግድግዳው ለምን ቀጠነ?

«ይሄ ግድግዳ ለምን ቀጠነ?» አለችኝ ቢሯችን ውስጥ ሪቪት በሚባለው የሕንፃ መሣያ ፕሮግራም የምትሠራው ልጅ።

ከምሳ በኋላ ነበር። እኔ አንድ ሕንፃ በሌዘር ስካነር የለካንባቸውን ስካኖች ገጣጥሜ ጨርሼ፣ ፋይሉን አስረክቤያት፣ ማኪያቶ ይዤ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ገብቼ ስክሪኗን አየሁት። አራተኛ ፎቅ፣ የምሥራቁ ጫፍ። ከውጭ ያነሳናቸው ስካኖች የሕንፃውን ፊት ያሳያሉ፤ ከውስጥ ያነሳናቸው የቢሮዎቹን ግድግዳ ያሳያሉ፤ በሁለቱ መሐል የሚቀረው ባዶ መስመር የግድግዳው ውፍረት ነው። በምዕራብ በኩል ስትለካው 25 ሴንቲ፤ ባለ 20 ብሎኬት ከነልስኑ። ወደ መሐል ስትሄድ 22። ጫፉ ላይ 16። በማዶ፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጫፉ ላይ 34 ደርሷል።

ግድግዳ ከሰሜን ተቀንሶ ለደቡብ አይጨመርም። የጎበጠው የእኔ ፖይንት ክላውድ ነበር፤ ስካነሩ የለካቸው ነጥቦች ክምችት ማለት ነው። ያውም ከሦስት ቀን በፊት ሶፍትዌሩ በአረንጓዴ ቀለም «አማካይ ስህተት 3 ሚሊ ሜትር» ብሎኝ፣ እኔም በኩራት ስክሪንሾት አንስቼ ለአለቃዬ ልኬ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ትንንሽ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ትልቅ ሕንፃ ለተሰጠው ሰው ነው። አንድ ቪላ ወይም አንድ ሱቅ ከሆነ 12 ወይም 20 ስካን ታነሳላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ትጥሉታላችሁ፣ በራሱ ይገጣጠማል፣ አለቀ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ስሠራ የምገጣጥመው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ሕንፃው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የቆየ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። አንድ ቤዝመንት፣ ግራውንድና አራት ፎቅ። ርዝመቱ 110 ሜትር ይሆናል። በየፎቁ መሐል ለመሐል አንድ ረጅም ኮሪደር ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ ቢሮ ነው። ደረጃ ሁለት አለው፤ ዋናው በምዕራብ ከመግቢያው አጠገብ፣ ሌላው በምሥራቅ ጫፍ። ሊታደስ ስለሆነና የድሮው ፕላን ስለጠፋ፣ አሁን የቆመውን እንዳለ ለክታችሁ ሣሉልን ተባልን። ሰኞ ጀምረን ቅዳሜ ስንጨርስ 312 ስካን ሆነ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። ስካነሩ በቆመበት ቦታ ሁሉ የራሱ ዜሮ ነው። ራሱን የዓለም መሐል አድርጎ ዙሪያውን ይለካል። ሁለተኛ ቦታ ስታቆሙት ሌላ ዓለም ይጀምራል። 312 ስካን ማለት 312 እርስ በርስ የማይተዋወቁ ዓለሞች ናቸው፤ ሪጅስትሬሽን የሚባለው እያንዳንዱ ምን ያህል ተገፍቶ፣ ምን ያህል ዞሮ ከሌላው ጋር እንደሚገጥም ማግኘት ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ታርጌት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቼከርቦርድ ወይም ነጭ ኳስ በየቦታው ታስቀምጣላችሁ፣ ያው ታርጌት ከሁለት ቦታ ሲታይ ሁለቱ ስካኖች በእሱ ይያያዛሉ። ሁለተኛው ያለ ታርጌት፣ ክላውድን ከክላውድ ጋር ማጣበቅ ነው። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ይሄኛውን ነው፤ ወረቀት መለጠፍ ስለሚሰለች።

የዚህ የሁለተኛው ስሌት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1992 ፖል ቤስል እና ኒል ማኬይ ያሳተሙት አይሲፒ የሚባለው ዘዴ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ነጥብ በሌላው ስካን ውስጥ ቅርቡን ነጥብ ይፈልጋል፣ ሁሉም እንዲቀራረቡ ትንሽ ይገፋል፣ እንደገና ይፈልጋል፣ እንደገና ይገፋል፣ መቀራረቡ ሲቆም ያቆማል። ልብ በሉ፤ የሚያውቀው ቅርበትን ብቻ ነው። በርና ግድግዳ፣ ሦስተኛ ፎቅና አራተኛ ፎቅ የሚባል ነገር አያውቅም። በመጨረሻ የሚሰጣችሁ 3 ሚሊም «ነጥቦቹ ለጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል ቀርበዋል» ማለት እንጂ «ሕንፃው ትክክል ነው» ማለት አይደለም። የተጠቀምኩበትን ሶፍትዌር ያልጠቀስኩት ለዚህ ነው፤ የማውቃቸው ሁሉ ከዚህ አያልፉም።

ኮሪደር ደግሞ ለዚህ ስሌት ወጥመድ ነው። ሁለት ትይዩ ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ። ወደ ጎን እንዳይሄድ ግድግዳው ይይዘዋል፣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ኮርኒሱ ይይዘዋል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን የሚይዘው የለም። የክብሪት ሳጥን ውስጠኛው ከውጨኛው ውስጥ እንደሚንሸራተተው ነው፤ 10 ሴንቲ ቢንሸራተትም ጎንና ጎኑ እንደነካ ነው፤ የቁጥሩ ቀለምም አይለወጥም። የበር መቃኖቹ ይይዙታል እንዳትሉ በሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ አንድ በር ዘልሎ ቢገጥም ደስ ብሎት ነው የሚገጥመው።

መዞርም አለ። አንድ ስካን 0.01 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ከ100 ሜትር በኋላ ወደ 1.7 ሴንቲ ይሆናል። በእኛ ኮሪደር ላይ 14 ስካኖች በሰልፍ ነበሩ፤ ሁለተኛው በአንደኛው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ ተደግፎ። መጨረሻው የማንም ድጋፍ የለውም። የሁሉንም ትንንሽ ጥፋት የሚሸከመው እሱ ነው።

መጨረሻው ለምን ድጋፍ አጣ? እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። የምሥራቁ ደረጃ በር በየፎቁ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ጥበቃው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ «ልጆቼ፣ ሐሙስ ይመጣል» አሉን። ሐሙስ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ቅዳሜ ዕቃችንን ስንሸክፍ ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፦ ደረጃ ምን አላት፣ ከምዕራቡ አይተን እንሥላታለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ያ ደረጃ የደረጃ ጉዳይ አልነበረም። አምስቱን ፎቆችና ቤዝመንቱን በምሥራቅ በኩል እርስ በርስ የሚያስረው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ሲቀር ስድስቱ ኮሪደሮች በምዕራቡ ደረጃ ብቻ ተንጠልጥለው ቀሩ። በኋላ ከላይ ሆኜ ሳያቸው በእጅ እንደተዘረጋ የካርታ መጫወቻ ነበሩ፤ አራተኛው 9 ሴንቲ ወደ ሰሜን፣ ሦስተኛው 4 ሴንቲ ወደ ደቡብ፣ ሁለተኛው ቀጥ ያለ የሚመስል ግን 5 ሴንቲ የረዘመ። ሁሉም በየራሳቸው አረንጓዴ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስካነሩን ከማብራት በፊት ነው። ፕላን ባይኖርም በእጃችሁ ንድፍ ሣሉና መንገዳችሁ የት ዞሮ ከራሱ ጋር እንደሚገናኝ ምልክት አድርጉ። ወጥቶ በሌላ በኩል የሚመለስ መንገድ ስህተቱን ራሱ ያጋልጣል፤ ሄዶ የሚቀር መንገድ ይደብቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ካለ ቁልፉን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቁ። ከሌለ መስኮት ክፈቱ፤ ስካነሩን ከተከፈተው መስኮት አጠገብ አቁማችሁ የውጪውን ግቢና ማዶ ያለውን ሕንፃ እንዲያይ አድርጉ፣ ከውጪ ስካኖች ጋር ይያያዛል። መስታወቱን ዘግታችሁ በመስታወት ውስጥ እንዳትሞክሩ፤ ጨረሩ ይሰበራል፣ ይንጸባረቃል፣ የሌለ ክፍል ይፈጥርላችኋል።

በር ላይ ስትደርሱም ስካነሩን ከበሩ ወዲህና ወዲያ ብቻ ሳይሆን እበሩ ላይ፣ ከመቃኑ ሥር አቁሙት። ያ አንድ ስካን ሁለቱንም ክፍሎች ስለሚያይ ከሌሎቹ አምስት ይበልጣል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል፤ እዚያ ውስጡና ውጪው የሚገናኘው ከዓለት በተፈለፈለ በርና መስኮት ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደውም በቦይና በዋሻ። ያንን ሳስብ ባለ ብሎኬት ኮሪደር አሸነፈኝ ማለት ያሳፍረኛል።

ወደ ፎቆቹ ልመለስ፤ ከመጎበጡ የባሰ ነገር ነበረ። አውቶማቲክ ግጠም ብዬው ቡና ጠጥቼ ስመለስ ሕንፃው ሦስት ፎቅ ሆኗል። ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ላይ ተኝተዋል! ፎቆቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሶፍትዌሩ የአራተኛውን ስካኖች ሦስተኛው ላይ ለጥፏቸው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከሁሉም ያማረ። ያወቅሁት በአንድ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረችው ማቀዝቀዣ አራተኛው ፎቅ ላይ ከቆመ ፋይል ካቢኔት ጋር ተጣብቃ አንድ ጉድ ሆናለች። ማቀዝቀዣዋ ባትኖር ኖሮ አንድ ፎቅ ጎድሎ እናስረክብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አልጥልም። እያንዳንዱን ፎቅ ለብቻው አንድ ቡድን አድርጌ እገጥማለሁ። ደረጃዎቹ ለብቻቸው ቡድን ናቸው፣ ውጪው ለብቻው። አንድ ቡድን ተፈትሾ ሲያልፍ እቆልፈዋለሁ፤ ከዚያ ቡድንን ከቡድን ጋር እንጂ ስካንን ከስካን ጋር አላያይዝም። የስካኑ ስም ላይ ፎቁና አቅጣጫው እዚያው ሜዳ ላይ ይጻፋል፦ «4ምሥ07»። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ሳንቲም አያስወጣም፦ በየፎቁ ኮሪደር ላይ በትልቁ የፎቁ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፉ። ስሌቱ አያነበውም፤ እናንተ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የትኛው ፎቅ ላይ እንዳላችሁ ሲጠፋችሁ ታነቡታላችሁ።

ወረቀት ካልኩ የ14 ቁጥርን ታሪክ ልናገር። ለጥንቃቄ ብለን 24 ቼከርቦርድ ታርጌት በኤፎር ወረቀት አትመን በግራውንዱና በውጪው ግድግዳ ለጥፈን ነበር። ወደ ቢሮ ተመልሰን ስናሰላ 20ዎቹ ከ5 ሚሊ በታች ናቸው፣ 14 ቁጥር ግን 187 ሚሊ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ስሌቱ የአንዱን ስህተት ለአንዱ አይተውለትም፣ ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፤ 12፣ 13ና 15 ቁጥሮችም 30 እና 40 ሚሊ ሆነው አብረው ቀሉ። አራቱንም በአንዴ ላጠፋቸው ስል አንድ አንድ እያወጣሁ ለማየት ወሰንኩ። 14ን ሳወጣ ሌሎቹ ወዲያው ጤነኛ ሆኑ። ሁሌም ትልቁን አንድ ብቻ አውጡና እንደገና አስሉ፤ ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር እንዳትጥሉ።

14 ምን ነካው? ጥበቃውን ስንጠይቃቸው ፊታቸው በራ። «እናንተ የለጠፋችሁት ሌሊት ወድቆ አገኘሁት፤ በደንቡ መልሼ ለጥፌላችኋለሁ፣ አሁን አይነቀልም» አሉን። እውነትም አይነቀልም። ከነበረበት አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ፣ በሰፊ ፕላስተር፣ አራቱም ማዕዘን ታሽጓል። ምን ይባላል፤ አመስግነን ሄድን። አሁን ወረቀት ስለጥፍ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞችም በመጀመሪያው ቀን «ቢወድቅ እንዳትመልሱት፣ ስጡን» እላለሁ። በዚያው «ይሄ የሚሽከረከረው ነገር ጨረር አለው ወይ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዛሬ ሕንፃ ውስጥ የምንጠቀምባቸው ስካነሮች በአብዛኛው ክላስ 1 ሌዘር ናቸው፣ በተለመደው አጠቃቀም ዓይን አይጎዱም። የእናንተን ስካነር ጀርባ አንብቡ።

አሁን የጎበጠው ኮሪደር እንዴት ቀና? ባለ ቁልፉ ከለቅሶ ተመልሶ ስለነበር በቀጣዩ ቅዳሜ ሄድን። የምሥራቁን ደረጃ ከቤዝመንት እስከ አራተኛ ፎቅ፣ በየፎቁ መድረሻና በየመዞሪያው፣ በየፎቁም እበሩ ላይ፣ 16 ስካን አነሳን። ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ቢሮ ስመለስ ደረጃውን ጨምሬ «አስተካክል» የሚለውን ቁልፍ ልጫን ፈልጌ እጄን ሰበሰብኩ። የዞረ መንገድ ሲዘጋ ስሌቱ ስህተቱን በሁሉም ላይ ያድለዋል እንጂ ስህተቱን አያጠፋም። በመጀመሪያ ሳይታደል ምን ያህል እንደሆነ ማየት ይሻላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍተቱ 88 ሚሊ ነበር። ይህ የጥቃቅን ስህተቶች ድምር ብቻ አይመስልም፤ የሆነ ቦታ በሁለት ስካኖች መካከል አንድ የተሰበረ ማያያዣ አለ።

ለማግኘት ያደረግሁት ይህን ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም ይሄ ነው። ከወለሉ 2.2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከወንበርና ከካቢኔት በላይ፣ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው አግድም ቁራጭ ቆረጥኩ። እያንዳንዱን ስካን የተለያየ ቀለም ሰጠሁት። ከላይ ሆኜ ኮሪደሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በዓይኔ ተከተልኩት። ጤነኛ ቦታ ላይ የግድግዳው መስመር ቀለሞቹ የተቀላቀሉበት አንድ መስመር ነው። በስካን 4 እና 5 መካከል ግን ሁለት ቀለም ቀጭን መቀስ ሠርቷል፤ ሲጀምር የተጣበቀ፣ እየራቀ ሲሄድ የተከፈተ። ቀረብ አድርጌ አየሁት። ኮሪደሩ እዚያ ጋ ባለ ሁለት ተካፋች በር አለው። በስካን 4 ላይ ተካፋቹ ክፍት ነው፤ በስካን 5 ላይ አንድ ሰው ሲያልፍ ነካ አድርጎት ትንሽ ዞሯል። በሩ ለሁለቱም ስካነሮች ቅርብ ስለነበር ከሩቁ ግድግዳ ይልቅ በሩ ላይ ያረፉት ነጥቦች በዙ፤ ስሌቱም ግድግዳውን ትቶ ተካፋቹን ከተካፋቹ ጋር ገጠመ። አንድ በር በጣት ተነክቶ 100 ሜትር ሕንፃ ጎበጠ።

በሩን ከሁለቱም ስካኖች ቆርጬ አወጣሁ፣ ማያያዣውን አጥፍቼ እንደገና አሰላሁ። ክፍተቱ ከ88 ወደ 21 ሚሊ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ማደል የሚፈቀደው።

ከዚህ የተነሳ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆኗል፦ በር፣ መጋረጃ፣ ባለ ጎማ ወንበር፣ ከትናንት ወዲያ እዚህ ሆኖ ዛሬ እዚያ ያለ ጠረጴዛ። የሚታመነው ኮርኒስ ነው። ኮርኒስን ማንም አያንቀሳቅሰውም፣ ማንም ፊቱ አይቆምም። ስካኑ ከሁለት ቦታ ሲነሳ ኮርኒሱን፣ አምዶቹንና የአምዶቹን ማዕዘን እንዲያይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የጋራው ክፍል ሲሦ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ኮሪደር ላይ ግን ከግማሽ በላይ አድርጉት። ስካነሩ ውሃ ልኩን የሚያነብበት ኢንክሊኖሜትር ካለው ደግሞ አብሩት፤ ማዘንበሉ ከታወቀ ስሌቱ የሚፈልገው ሦስት መገፋትና አንድ መዞር ብቻ ነው፣ የሚሳሳትበት መንገድ ይቀንሳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስካኖቹ እርስ በርስ ሲተዛዘኑ ነው። ከውጭ የሆነ ምስክር ያስፈልጋል። አንድ ሰርቬየር ጓደኛዬን በቶታል ስቴሽን፣ ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የቀያሾች መሣሪያ፣ ሕንፃውን ዙሪያውን እንዲዞር፣ በየፎቁም ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ላይ ታርጌት እንዲለካ ለመንኩት፤ በአጠቃላይ 19 ነጥብ። 8ቱን ለስሌቱ ሰጠሁት። 11ዱን ደበቅሁት። ሁሉንም ብሰጠው ኖሮ ሁሉንም ለማስደሰት ይጎባብጥና መልሶ ጥሩ ቁጥር ይነግረኝ ነበር። የተደበቁት ግን አይዋሹም። አሁን ለደንበኛ የምጽፈው የእነሱን ቁጥር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ግን ልቤ ቀጥ አለ። በሕንፃው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርዝመት፣ ሰርቬየሩ ከሰጠኝ ኮኦርዲኔት (የነጥቦቹን ቦታ ከሚነግሩት ቁጥሮች) ጋር ከ8 ሴንቲ በላይ ተለያየ። ሁለት ቀን ሌላ የተነካ በር ስፈልግ ከረምኩ። በር አልነበረም።

ይህን አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሁሉ ይወቀው። ሰርቬየሩ የተነሳባቸው፣ ቦታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነጥቦች በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ)፣ በዩቲኤም (የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37 ነበሩ። ዩቲኤም መሬትን ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲያወርድ በዞኑ መሐል መስመር ላይ ርዝመትን በ0.9996 ያባዛል፤ አዲስ አበባ ከዚያ መስመር፣ ከ39 ዲግሪ፣ ብዙ አትርቅም። በዚያ ላይ ከተማዋ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ርዝመቱ ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ እንደገና በ0.9996 ገደማ ይባዛል። ሁለቱ ተባዝተው 0.9992 ይሆናሉ። መሬት ላይ 100 ሜትር የሆነ ግድግዳ በኮኦርዲኔት ሲሰላ 7.6 ሴንቲ ያጥራል። የእኛ 110 ሜትር ከ8 ሴንቲ በላይ ማጠሩ ልክ ነው። ስካነሩ እውነተኛውን ሜትር ለካ፤ ኮኦርዲኔቱም በራሱ ደንብ ትክክል ነው፤ የተጣሉት እኔ መሐል ገብቼ ነው።

ፖይንት ክላውዱን አሳጥሮ ማስገጠም ይቻላል፤ አታድርጉት። ያኔ በሩ 90 ሴንቲ የነበረው 89.9 ይሆናል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ግን ብረት የሚቆርጠው ሰው 100 ሜትሩን የሚያነብበት ከዚያ ላይ ነው። እኛ አንዱን ነጥብ መነሻ አደረግን፣ ወደ ሁለተኛው ያለውን አቅጣጫ ብቻ ወሰድን፣ ስኬሉን 1 አድርገን የሠራነውን በአንድ ገጽ ጽፈን ከፋይሉ ጋር ሰጠን። ለመነሻውም ትንሽ ቁጥር ሰጠነው። ትላልቅ ኮኦርዲኔቶች ሌላም ጣጣ አላቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ኖርዚንጉ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ቁጥር፣ ወደ ሚሊዮን ሜትር ይጠጋል፣ ቁጥሩን በ32 ቢት ፍሎት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እዚያ ጋ የሚራመደው በ6.25 ሴንቲ ነው። ግድግዳችሁ ድንገት እንደ ቆርቆሮ መስመር መስመር ከሠራ ይሄ ነው። ክላውድኮምፔር የሚባለው የፖይንት ክላውድ ማያ ፕሮግራም ፋይሉን ስትከፍቱ ኮኦርዲኔቱን ልቀንሰው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነውና እሺ በሉት።

ስለ ኮምፒዩተር ብዙ አልልም። ራሙ 64 ጊጋ ባይት ሆኖም ያቃስት ነበር። መግጠሙን በሳሳው ክላውድ ሠርታችሁ ሙሉውን በመጨረሻ ብታወጡት ይቀላል። ስካኑን ከሕንፃው ሳትወጡ በሁለት ኤስኤስዲ ቅዱ። ዩፒኤስ ይኑራችሁ፤ ሦስት ሰዓት የፈጀ ስሌት 90 በመቶ ላይ ደርሶ መብራት ሲሄድ የሚሰማኝን እዚህ አልጽፈውም። ስታስረክቡ ኢ57 በሚባለው የፋይል ዓይነት አድርጉት፣ ግን አንድ ላይ የቀለጠ ሳይሆን እያንዳንዱ ስካን ከነቆመበት ቦታ ተለይቶ የሚገኝበት ይሁን።

በሁለተኛው ዙር 11ዱ የተደበቁ ነጥቦች ሲፈተሹ የከፋው 9 ሚሊ ሆነ፤ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ። አማካዩን 3 ሚሊ እንዳትሉኝ፣ 5 ነበር። የመጀመሪያው ሐሰተኛ ቁጥር ከእውነተኛው ያምር ነበር። ልጅቷ አራተኛ ፎቅን ከፍታ ሰሜኑን ግድግዳ ለካች፣ ደቡቡን ለካች፣ 25፣ 25። ምንም ሳትለኝ መሣሏን ቀጠለች።

ካስረከብን ከሁለት ወር በኋላ ደንበኛው ደወለ። የጀነሬተሩ ክፍል ተረስቷል፣ ጨምሩልን አለ። ድሮ ቢሆን ሁሉንም ፈትቼ እንደገና እገጥም ነበር። ሄደን 5 ስካን አነሳን፤ አንዱን እበሩ ላይ። የውጪው ቡድን እንደተቆለፈ ነበር፣ ከእሱ ጋር አያያዝነው። በቁራጭ አየነው። ከመኪና ወርደን ፋይሉን እስክንልክ ለምሳ አልደረሰም።